እጅ የሚነሣው ሕፃን

በያጁ የአዋላጇን በር ለመስበር ብዙም አልደከመ። በሩን ሠርቶ የገጠመው እሱ ራሱ ነበርና የትኛው ማጠፊያ ላይ ብየዳውን እንዳሳሳው ያውቃል። መዶሻውን አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች አሳረፈበት። በሩ ከነማጠፊያው ወደ ግቢው ተጋደመ፤ እሱም በላዩ ተራምዶ ገባ።

እናቱ፣ የሕፃን ልጁ አያት፣ ከኋላው ነበረች። ከቤት ጀምራ የኮቱን ጫፍ ይዛ እየተጎተተች ስትመጣ አንድ ጫማዋ መንገድ ላይ ቀርቷል። ይህች ሴት ሰው ሲያስነጥስ ሣንባ ምች፣ ስልክ ሲጮህ መርዶ የሚታያት ናት። ምድጃው መጥፋቱን ለማየት ከመንገድ ትመለሳለች። የተኛ ሰው ካየች መተንፈሱን ሳታረጋግጥ አታልፍም። ዕድሜዋን ሙሉ ክፉ ነገር ከየት በኩል ይመጣ ይሆን ስትል ኖራ፣ ይኸው ዛሬ ክፉው ነገር የገዛ ልጇን መስሎ፣ መዶሻ ይዞ፣ ፊት ፊቷ ይሄዳል።

«አንተ ልጅ፣ በፈጠረህ ይዤሃለሁ። ሰው ገድለህ ልትታሰር ነው? ማን ሊጠይቅህ? እኔ ጉልበቴን ያመኛል፣ እስር ቤቱ ደግሞ ዳገት ላይ ነው።»

«ልቀቂኝ እማዬ።»

አዋላጇ ልብስ ታጥብ ኖሮ እጇ በአረፋ እንደተሸፈነ ከጓሮ ብቅ አለች። የተጋደመውን በር አየች፣ መዶሻውን አየች፤ አልሸሸችም። የሰፈሩን ልጅ ግማሹን ከእናቱ ሆድ የተቀበለች ሴት ናት፤ ወንድ ሲያብድ ማየት ለሷ አዲስ አይደለም።

«የራስህን ሥራ ነው እንዴ የምታፈርሰው?» አለችው። «እኔስ ሌባ ይሰብረዋል ብዬ ነበር የምሰጋው።»

የመለሰላት በጥፊ ነበር። ጭንቅላቷ ከማጠቢያው ድንጋይ ጋር ሲጋጭ የወጣው ድምፅ አያትየዋን ጥርሷ ድረስ ዘለቃት። ከአዋላጇ አፍ ደምና የተሰበረ ጥርስ አንድ ላይ ወጣ። በያጁ ጉልበቱን ክንዷ ላይ ተክሎ ቀኝ እጇን ድንጋዩ ላይ ዘረጋው። ጣቶቿን አንድ በአንድ እያቃና ነበር የዘረጋቸው፤ ብረት ከመምታቱ በፊት እንደሚያስተካክለው።

«ልጄን የጎተትሽው በዚህ እጅ ነው» አለ። «አንጎሉን ያዞርሽው በዚህ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ሲወለድ ምጡ ጸንቶ ጭንቅላቱ መንገድ ላይ ቀረ፤ አዋላጇም አናቱ ላይ የመሳቢያውን ጎማ ለጥፋ ስባ አወጣችው። እንቁላል የሚያህል እብጠት ይዞ ተወለደ። እብጠቱ ሳይቆይ ጠፋ፣ ሁሉም ረሳው። አምስት ወር ሆኖት ትናንት ለክትባት ሲወሰድ ግን ነርሷ ልጁ ሲያጎነብስ አየችና «ይሄ የአንጎል ነገር ይመስለኛል፣ ትልቁ ሆስፒታል ውሰዱት» አለች። አንጎል የሚለውን ቃል ሲሰማ ያ የተረሳ እብጠት በበያጁ ልብ ውስጥ እንደገና አበጠ። ማታውን ሚስቱን መታ፤ አዋላጇን የመረጥሽው አንቺ ነሽ ብሎ። ጠዋት መዶሻውን አነሣ።

መዶሻው ከፍ ሲል አያትየዋ በአዋላጇ ላይ ተደፋች። ብረቱ ወደ ጎን ተንሸራቶ የአያትየዋ ትከሻ ላይ አረፈ። ሕመሙ ወዲያው አልመጣም። ቀድሞ የመጣው ጭንቀት ነበር፦ አሁን ይሄ ልጅ እናቱን መታ ተብሎ ማን ፊት ቀና ብሎ ሊሄድ ነው?

ከሥራቸው ሆና አዋላጇ ተናገረች። ጉንጯ ድንጋዩ ላይ ተጣብቆ ቃሉ እየተጣመመ ነበር የሚወጣው። «ልጁን ሐኪም ይየው። ጭንቅላት ውስጥ የሚያይ መሣሪያ አላቸው። የእጄ ምልክት ከተገኘበት ራሴ መጥቼ እዚሁ ድንጋይ ላይ አኖርልሃለሁ። መያዝም አያስፈልግህ።»

በያጁ ቁና ቁና እየተነፈሰ አሰበ። ድርድር ይወዳል፤ በተለይ እንደሚያሸንፍ ሲያውቅ።

«የእጁ ምልክት የተገኘ፣ እጁ ይሰበራል» አለ። «ማንም ይሁን ማን። እማዬ፣ እማኝ ነሽ።»

«እማኝ ነኝ» አለች አያትየዋ፤ እንዲነሣላት ብላ እንጂ የምትለውን አስባበት አይደለም።

ሆስፒታሉ በር ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ጠበቃቸው። ጥበቃው የበያጁን ቦርሳ ፈትሾ መዶሻውን አገኘ።

«ይሄ ለምንህ ነው?»

«ለሥራዬ።»

«እዚህ ምን ልትበይድ?»

«አፍህን።»

ከዚያ በኋላ ማን ማንን ቀድሞ እንደገፋ አልታወቀም። የጥበቃው አፍንጫ ግን ከበሩ መስታወት ጋር ተላተመ፤ መስታወቱም አፍንጫውም ተሰነጠቁ። ምራትየዋ ሕፃኑን በኮቷ ከልላ ግድግዳ ላይ ተለጠፈች። አያትየዋ በደህና እጇ ሻሿን አውልቃ የጥበቃውን ደም መጥረግ ያዘች። «የኔ ልጅ፣ ልጁ ታሞበት ነው፣ እኔን ስማኝ። ቦርሳውን እኔ እይዘዋለሁ። እሱ ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ንቅንቅ አይልም። አንተ ደግሞ ቀና አትበል፣ ደሙ ወደ ጉሮሮህ ይወርዳል።» ጥበቃው ለሕፃኑ ሲል አሳለፋቸው። መዶሻው በዚህ ሁኔታ አያትየዋ እጅ ገባ።

የሕፃናት አንጎል ሐኪሟ ወጣት ናት። ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ተዘግቷል። አያትየዋ ገና ሳትቀመጥ «ዶክተር ልጄ፣ ትኩስ ነገር ጠጥተሻል?» አለቻት።

«ጠጥቻለሁ እማማ። ልብሱን ያውልቁልኝ።»

በሜትር የጭንቅላቱን ዙሪያ ለካች። እርግብግቢቱን በጣቷ ጫፍ ዳሰሰች። መብራቱን አጥፍታ ወይን ጠጅ ቀለም ባለው መብራት ቆዳውን ከአንገቱ እስከ ተረከዙ ፈተሸች፤ ከአንጎል ሕመም ጋር የሚመጣ ነጭ ምልክት ካለ ብላ። ዓይኑ ፊት ቀይ ኳስ ወዲያ ወዲህ አደረገች፤ ልጁ ኳሱን ትቶ ጣሪያውን አየ። አያትየዋም ጣሪያው ላይ ምን እንዳለ ለማየት ቀና አለች።

መብራቱ ሲበራ ሐኪሟ ዓይኗን ከምራትየዋ ጉንጭ ላይ አሳረፈች። «ፊትሽን ምን ነካሽ?»

«በር መታኝ።»

«ጣት ያለው በር ነው?»

ምራትየዋ የልጁን ካልሲ ማስተካከል ጀመረች። ሐኪሟ አልገፋችበትም። «ምን እንደሚያደርግ ንገሩኝ» አለች።

ይህን ለመንገር አያትየዋ የቤቱን ደስታ በሙሉ መዘርገፍ ነበረባት። ልጁ ከእንቅልፉ ሲነቃ አንገቱን ሰበር፣ ሁለት እጁን ዘርጋ አድርጎ ከወገቡ እጥፍ ይላል። ቀና ይላል። እንደገና እጥፍ። እጅ ይነሣል በቃ። ቀድማ ያየችው እሷ ናት፤ «ጨዋው» ብላ ስም ያወጣችለትም እሷ ናት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይቀሰቀስና ሰላምታው ይታያል። ምራትየዋ በስልኳ ቀርጻዋለች።

ሐኪሟ ስልኩን ተቀብላ አየች። ሕፃኑ ያጎነብሳል፤ ከስልኩ ውስጥ ጭብጨባና የአያትየዋ ድምፅ ይመጣል፦ «እጅ ነሣን። ጨዋ፣ የጨዋ ልጅ። እኛም እጅ ነሥተናል ጌታዬ።» በያጁ ይስቃል፣ ምራትየዋ ትስቃለች። ሐኪሟ ድምፁን አጠፋችና እንደገና አየችው። አያትየዋም በደንብ ያየችው ያን ጊዜ ነው። ሳቁ ሲጠፋ ልጁ ብቻውን ቀረ። በተደፋ ቁጥር ፊቱ ይጨማደዳል፤ ልክ አንድ ሰው ከኋላው ቆሞ ማጅራቱን በቡጢ እየመታ እንደሚደፋው።

«ይሄ ሰላምታ አይደለም እማማ» አለች ሐኪሟ። «የሚጥል በሽታ ነው፤ በዚህ ዕድሜ መልኩ እንዲህ ነው። ልጁ አይደለም የሚያጎነብሰው። አንጎሉ ውስጥ የሚነሣ መብረቅ ነው የሚደፋው።»

አያትየዋ እጆቿን አየቻቸው። ልጅ ሲመታ ሲያጨበጭቡ የከረሙ እጆች።

መብረቁ ከየት እንደሚነሣ ለማወቅ ሁለት ነገር ተደረገ። መጀመሪያ አናቱ ቀዝቃዛ ቅባት ተቀብቶ ሽቦ በሽቦ ሆነ፤ ተኝቶ ሲነቃ የመብረቁ መስመር በማሽኑ ማያ ላይ እንደተናደ ተራራ ተዘበራረቀ። በማግስቱ ማስተኛ ተሰጥቶት ኤምአርአይ የሚባለው ዋሻ ውስጥ ገባ። ዋሻው እንደ ብየዳ ቤት ይደበድባል። ሌላ ሰው ቢሆን ልጁ እንዳይነቃ ይሰጋ ነበር፤ አያትየዋ ግን መስታወቱ ጀርባ ቆማ «ካልነቃስ» እያለች አለቀች። በያጁ ኮሪደሩን ከዳር ዳር ይንቆራጠጣል። ነርስ ባለፈች ቁጥር የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ምልክቱ ተገኘ?»

ውጤቱ ሲደርስ፣ አስባበት ይሁን ሌላ፣ ሐኪሟ ቀድማ የጠራችው ሴቶቹን ነው። የልጁ አንጎል ማያው ላይ ነበር፤ ለሁለት እንደተከፈለ ለውዝ።

«ግራና ቀኙን የሚያገናኝ ድልድይ አለ» አለች ሐኪሟ፤ ጣቷን መካከል ላይ አድርጋ። «እዚህ ጋ መሆን ነበረበት። የለም። በዚህ በኩል ደግሞ እጥፋቶቹ በወጉ አልተደረደሩም፤ መብረቁ የሚነሣው ከዚህ ነው።»

«ተሰብሮ ነው?» አለች አያትየዋ።

«አይደለም። ተጎድቶ ቢሆን ኖሮ ጠባሳ ይኖረው ነበር፣ የደም ምልክት ይኖረው ነበር። ይሄ ከመጀመሪያው አልተሠራም። በማህፀን ነው፤ በእርግዝናው ሦስተኛ፣ አራተኛ ወር።»

«ከአዋላጇ እጅ በፊት?»

«ከማንም እጅ በፊት።»

«ተመስገን» አለች አያትየዋ፤ የአዋላጇ ጣቶች ድንጋዩ ላይ ተዘርግተው ታይተዋት። አፏን ሳትዘጋ ግን ምራትየዋን አየች። ምራትየዋ አላለቀሰችም። በአንድ እጇ ሕፃኑን ይዛ በሌላው ሆዷን ሸፍናለች፤ ድንጋይ እንደሚወረወርበት ሁሉ።

«እማማ፣ ማህፀን አሉ።»

«ሰማሁ ልጄ።»

«እሱም ይሰማል።»

አያትየዋ የሐኪሟን እጅ ያዘች። «ዶክተር ልጄ፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ፣ ማህፀን የሚለውን ቃል ተዪልን።»

«ምን ልበለው እማማ?»

«ከሰማይ ነው በይው።»

«እኔ የሰማይን ፎቶ አላነሣሁም።» ሐኪሟ አፍንጫዋን ጠረገች። «ማንም አላጠፋም፣ እናቱም አላጠፋችም፤ ይህንን እነግረዋለሁ። ግን አልዋሽም። ጥበቃ ልጥራ?»

«ጥበቃውንማ አፍንጫውን ብሎታል።»

በያጁ ሳይጠራ በሩን ከፍቶ ገባ። ማያውን ሲያይ ረገብ አለ። ጠጋ ብሎ እንደ ሥራው ዕቃ መረመረው፤ አንገቱን ወዲህ አዘንብሎ፣ ወዲያ አዘንብሎ።

«መገጣጠሚያው የለም» አለ፤ ማንም ሳይነግረው።

«ልክ ነህ» አለች ሐኪሟ።

«ማን አነሣው?»

«ማንም። አልተሠራም። እኔ አልፎ አልፎ እንዲህ ያለ ልጅ አያለሁ። በእናት ጥፋት አይመጣም፣ በአዋላጅ እጅ አይመጣም። መብረቁን የሚያቆም መርፌ አለ፣ ዛሬውኑ እንጀምራለን። ዘግይቶ ሊሄድ ይችላል፣ ዘግይቶ ሊናገር ይችላል፤ የቀረውን አብረን እናያለን።»

አያትየዋ ነገሩ በደህና ያለፈ መሰላት። ትከሻዋ ላይ የተንጠለጠለውን ቦርሳ አስተካከለች።

«የት ሳለ ነው ያልተሠራው?» አለ በያጁ።

ሐኪሟ እጇን ወደ ጥሪው ደወል ላከች።

«መቼስ መንገድ ላይ አልነበረም። የት ሳለ ነው?» ከዚያ መልሱን ራሱ አገኘው። ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺ ጋ።»

ሐኪሟ ሕፃኑን ከእናቱ ጭን መንጠቅ የቻለችው ለጥቂት ነው። በያጁ ሚስቱን ጉሮሮዋን አንቆ ከወንበሩ አነሣትና ከግድግዳው ጋር አላተማት። የተሰቀለው የቁመት መለኪያ ወደቀ። «ምን በላሽበት? ምን ጠጣሽበት?» በያንዳንዱ ጥያቄ ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ ይመታዋል። እግሯ ወለሉን ሲፈልግ ጫማዋ ወለቀ። ፊቷ ጠቆረ። ሐኪሟ ሕፃኑን አቅፋ የጥሪውን ደወል ትጫናለች፣ ሕፃኑ ይጮኻል። የበያጁ ክንድ ከትከሻው እስከ ሚስቱ አንገት እንደ ብረት ዘንግ ቀጥ ብሏል።

አያትየዋ ያየችው ሌላ ነገር ነው። በጠቆረው ፊት ላይ፣ ጉንጩ ላይ፣ የዚያን ማታው ጥፊ አራት ጣት ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ይሄ ሁሉ ሽቦ፣ ይሄ ሁሉ ዋሻ የእጅ ምልክት ሲፈልግ ከርሞ፣ ምልክቱ ከመጀመሪያውም እዚህ ኖሯል። ቦርሳውን ከፈተች።

«የእጁ ምልክት የተገኘ» አለች። ድምፅዋን እንኳ አላነሣችም፤ እሱም አልሰማትም።

መዶሻውን በደህናው እጇ አንሥታ በተዘረጋው ክንዱ ላይ አወረደችው፤ ከክርኑ በታች። ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ነበር። እጁ ከሚስቱ ጉሮሮ ላይ ተላቆ፣ መሆን በሌለበት ቦታ ታጥፎ፣ ተንጠለጠለ። በያጁ በጉልበቱ ወረደ። ክንዱን አየ፣ መዶሻውን አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ በሕፃንነቱ ሲወድቅ ያያት በነበረበት ዓይን አያት።

«እማዬ» አለ።

«እማኝ ነኝ ብዬሃለሁ።»

መዶሻውን እንደገና አነሣችው። ለምን እንዳነሣችው ኋላም አላወቀችም። ምራትየዋ ወለሉ ላይ እየሳለች፣ እየተንፏቀቀች መጥታ ቀሚሷን ያዘች። «እማማ፣ ይብቃው። ይበቃል።»

ያን ጊዜ ነው አያትየዋ መዶሻውን ዝቅ ያደረገችው። «አጥንቱ ወጥቷል? እዩልኝ እስቲ፣ ደም አለው? ውኃ ስጡት። አይ፣ ውኃ አትስጡት፣ ማደንዘዣ ይወጉት ይሆናል።»

ፖሊስ መጣ። ከፖሊሱ ጋር ያ አፍንጫው የታሸገ ጥበቃ ነበር፤ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

«ክንድህን ምን ሆንክ?» አለ ፖሊሱ።

በያጁ ላብ አጥምቆታል። እናቱን አላያትም። «በር መታኝ» አለ።

ወለሉ ላይ የተቀመጠችው ምራትየዋ ሳቀች። ከታነቀ ጉሮሮ የሚወጣ፣ እንደ ዝገት የሚፈገፍግ ሳቅ ነበር፤ ሁሉም ዞሮ አያት።

«በሩ እኔ ነኝ» አለች አያትየዋ፤ መዶሻውን ለፖሊሱ እያቀበለች። «ተጠንቀቅ ልጄ፣ እግርህ ላይ እንዳይወድቅ።»

በያጁ ክንዱ ታሽጎለት ከሆስፒታሉ በቀጥታ ወደ ጣቢያ ሄደ። ሲፈታ ቤቱ ደጃፍ እንዳይደርስ ታዘዘ፤ ብየዳ ቤቱ ውስጥ ፍራሽ ዘርግቶ ያድራል። አያትየዋንም ለቃል ጠርተዋት ያደረገችውን ሳትቀንስ ተናገረች፤ ሽበቷን አይተው መለሷት። ከዚያ ወደ አዋላጇ ሄደች። የወደቀውን በር ሽቦ አስረውበት አቁመውታል።

«ንጹሕ ነሽ እህቴ። ከማንም እጅ በፊት ነው አሉ።»

«አውቅ ነበር» አለች አዋላጇ በጎደለ ጥርሷ። «ታዲያ እጅ ሳይሰበር ቀረ?»

«አልቀረም።»

አዋላጇ ትንሽ አየቻትና ወንበር አመጣችላት።

አያትየዋ አሁን የምትተኛው በምራትየዋ ክፍል በር ላይ ነው፤ ፍራሿን ደፉ ላይ ዘርግታ። ማንም ገባ ቢል እሷን ረግጦ ነው። ሌላ መዶሻ ገዝታ ከትራሷ ሥር አድርጋለች፤ እሱንም እንቅልፍ ላይ ጭንቅላቷን እንዳይመታት በጨርቅ ጠቅልላዋለች። የልጇ ክንድ ጠሞ እንዳይገጥም ታስባለች። በሰው በኩል ካልሲ ትልክለታለች። በሩን ግን አትከፍትም።

ልጁ መርፌውን ይወጋል። በነቃ ቁጥር ሁለቱ ሴቶች አልጋው ዳር ይቆማሉ። በመጀመሪያዎቹ ጠዋቶች ያው ይደፋ ነበር፤ ማንም አያጨበጭብም፤ አያትየዋ ማጅራቱ ላይ መዳፏን ታኖራለች፣ የሚመታውን ትመክትለት ይመስል። ከዚያ መደፋቱ አነሰ።

ዛሬ ጠዋት ልጁ ዓይኑን ገለጠ። አያትየዋ መዳፏን ወደ ማጅራቱ ላከች። አንገቱ አልተሰበረም። እጁ አልተዘረጋም። አያቱን አያት፣ እናቱን አያት፣ አፉን በሰፊው ከፍቶ አዛጋባቸው፤ ከዚያም ማንም እንደሌለ ሁሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ሰላምታ የለም?» አለች ምራትየዋ በሹክሹክታ።

«የለም።» አያትየዋ ጎንበስ ብላ ጆሮው ሥር ተናገረች። «ባለጌ። የኔ ባለጌ። እንዲሁ ናቀን።»

ደጁ ላይ ነፋስ ይሁን ሰው የቆርቆሮውን በር አንኳኳው። አያትየዋ ቀና አለች። ልጁን ለእናቱ ትታ፣ እጇን ወደ ትራሷ ሥር ልካ፣ ደፉ ላይ ተቀመጠች።